«ሰው አይወድም» የሚባለው ልጅ፦ ኦቲዝም ነው ወይስ ስኪዞይድ?

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ዓይናቸው አብጦ ቤቴ መጡ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሳቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። አራት ቦታ የታጠፈ የሐኪም ወረቀት ይዘዋል። ጉዳዩ የሃያ አራት ዓመት ልጃቸው ነው። አንድ ክሊኒክ «ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም» ብሏቸው ነበር። ሌላው ደግሞ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ጽፎ ሰጣቸው። ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ቢያስነብቡት «ስኪዞፍሬኒያ ይላል» አላቸው።

«እስኪ አንቺ አንብቢልኝ» አሉኝ። «ልጄ አብዷል ነው የሚለው?»

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስኪዞይድ ነው። ከጎኑም የጥያቄ ምልክት አለ። የሁለቱ ቃላት አነሳስ ስለሚመሳሰል ሰውየው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ግን አንዲት እናት ከመገናኛ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ እያለቀሰች እንድትመጣ አድርጓል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለ አእምሮ ጤና ሳነብና ስጽፍ ዓመታት ያለፉኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ለጎረቤቴ ያስረዳኋቸውን ነው አሁን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስኪዞይድና ስኪዞፍሬኒያ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ስኪዞፍሬኒያ ሰው ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት የሚናጋበት ሕመም ነው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል» ብሎ አጥብቆ ማመን፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይታይበታል። ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል። መድኃኒትም አለው።

ስኪዞይድ ደግሞ የስብዕና መዛባት ከሚባሉት አንዱ ነው። ስብዕና ስንል አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የሚኖረውን የአስተሳሰብ፣ የስሜትና ከሰው ጋር የመኖር ልማድ ማለታችን ነው። ይህ ልማድ ኑሮን እስኪያውክ ድረስ ሲጠነክርና አልታጠፍም ሲል «መዛባት» ይባላል። ስኪዞይድ የሆነ ሰው ድምፅ አይሰማም፤ እውነታውንም አይስትም። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር መመሪያ ሰባት ምልክቶችን ያስቀምጣል፤ ቢያንስ አራቱ ሲገኙ ነው ስሙ የሚሰጠው። ሰውየው የቅርብ ግንኙነት አይፈልግም፤ ቢያገኘውም አይደሰትበትም፤ ከቤተሰቡ ጋር እንኳ ቢሆን። ዘወትር ብቻውን የሚሠራውን ነገር ይመርጣል። ለጾታ ግንኙነት ብዙም ፍላጎት የለውም። የሚያስደስተው ነገር ጥቂት ነው። ከወላጆቹና ከወንድም ከእህቱ ሌላ የልብ ወዳጅ የለውም። ቢያሞግሱትም ቢወቅሱትም ግድ የሚሰጠው አይመስልም። ስሜቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ፊቱ ላይ ብዙ ነገር አይነበብም።

እዚህ ላይ ጭምቶችንና ዓይን አፋሮችን እንለያቸው። ዓይን አፋር ሰው ጨዋታው ውስጥ መግባት ይፈልጋል፤ ግን «ይስቁብኛል» ብሎ ይፈራል። ስኪዞይድ የሆነው ሰው ላይ ፍርሃቱ ጎልቶ አይታይም። ጨዋታው ራሱ አይስበውም። ብቻውን መሆን ደስ የሚለው ሰው ሁሉ ደግሞ ችግር አለበት ማለት አይደለም።

ኦቲዝምስ ምንድን ነው?

ኦቲዝም አእምሮ ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ ነው። ሰው አብሮት ይወለዳል፤ አብሮት ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። እኛ ሰፈር «ኦቲዝም» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የማይናገር ትንሽ ልጅ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ነገር ግን አጥርተው የሚናገሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፣ ሥራ ይዘው የሚኖሩና ኦቲዝም እንዳለባቸው ማንም ያልነገራቸው ጎልማሶችም አሉ። ከስኪዞይድ ጋር የሚምታቱት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

ኦቲዝም በሁለት እግር ይቆማል። አንደኛው ከሰው ጋር መግባባት ላይ ያለ ችግር ነው። ይህን ለማስረዳት ከቅኔያችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ንግግራችን ሰምና ወርቅ አለው። አንድ ሰው ምሳ እየበላ አጠገቡ ስታልፉ «እንብላ» ይላል። ሰሙ ግብዣ ነው። ወርቁ ሰላምታ ነው። እናንተም «ይባርክ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። እንግዳ ሄዳችሁ «በቃኝ» ስትሉ ባለቤቲቱ ጎርሳችሁ እስክትጨርሱ አትሰማችሁም፤ በቃኝ ማለት ገና አልበቃኝም ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ከአየሩ ቀስመነው ነው ያደግነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው ሰሙን ጥርት አድርጎ ይሰማል። ወርቁ ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ወይም እንደ ሒሳብ አስልቶ ነው የሚደርስበት። እስኪያሰላ ድረስ ጨዋታው ሌላ ቦታ ደርሷል።

ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ልጃቸው የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ለፋሲካ አክስቱ ቤት ሄደው ነበር። አክስቱ «ዶሮው እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ጨው በዝቶበታል» አላት። ቤቱ ጸጥ አለ። እሳቸው በአፍረት ቆነጠጡት። እሱ ለምን እንደተቆነጠጠ እስከ ማታ ድረስ ጠየቃቸው። ተጠይቆ ነው የመለሰው። ጨዉም በእርግጥ በዝቶ ነበር።

ሁለተኛው እግር ድግግሞሽና የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ ነው። ነገሮች ሁሉ እንደ ትናንቱ እንዲሆኑ መፈለግ፣ አንድ ርዕስ ውስጥ ጭልጥ ብሎ መግባት፣ እጅን ማርገብገብ ወይም ወዲያ ወዲህ መወዛወዝ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታ፣ ለልብስ ንክኪ ከሌላው ሰው በላይ ወይም በታች ስሜት መስጠት። ለእኛ የቡና ቁላት ሽታ የጠዋት ደስታ ነው። ለአንዳንዱ ግን ጭሱና ዕጣኑ፣ ከታች የሚጮኸው ጀኔሬተር፣ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ተደራርቦ ጭንቅላቱን ይወቅረዋል። ተነስቶ ሲወጣ «ንቆን ነው» እንላለን።

ታዲያ ምናቸው ያመሳስላቸዋል?

ማታ ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ቆማችሁ ወደ ላይ ብታዩ ሁለት ጨለማ መስኮት ታያላችሁ። በአንደኛው ቤት ውስጥ መብራቱ በርቷል። ባለቤቱ ግን የውጭው ብርሃንና ጫጫታ ስለከበደው ወፍራም መጋረጃ ጋርዷል። በሁለተኛው ቤት ሰውየው ራሱ መብራቱን አጥፍቶ በጨለማው ተረጋግቶ ተቀምጧል። ከታች ላለ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ጨለማ።

የእኛ ሰፈር ደግሞ መስኮት የሚቆጠርበት ሰፈር ነው። ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን ከፒያሳም ከጨርቆስም ከኮተቤም በዕጣ ተጠራርገን ነው የመጣነው። ማንም ማንንም አያውቅም ነበር። እድሩን፣ ቡናውን፣ ማኅበሩን ከዜሮ ነው የመሠረትነው። ስለዚህ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ይታያል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ይታወሳል። ደረጃ ላይ ተገናኝቶ «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል ሰው ስም ይወጣለታል። ኦቲዝም ያለበትም ስኪዞይድ የሆነውም እዚህ ደረጃ ላይ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሁለቱም ጓደኛ የላቸውም። ፊታቸው ብዙ አይናገርም። ዓይን ለዓይን አይተያዩም። መልሳቸው አጭር ነው። ከውጭ በሚታየው ብቻ ከሄድን ልንለያቸው አንችልም፤ ሐኪምም በአንድ ቀጠሮ ላይለያቸው ይችላል።

ስማቸው የት ተነካካ?

መምታታቱ የዛሬ አይደለም። ሁለቱም ቃላት ከአንድ ሆስፒታል ነው የወጡት። ዙሪክ ከተማ የነበረው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ነው። በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃልም ተጠቅሟል። ቃሉ «ራስ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ያኔ ግን የሚገልጸው ዛሬ የምናውቀውን ኦቲዝም አልነበረም። የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ከውጭው ዓለም ሸሽቶ በራሱ ውስጥ ሲደበቅ ያንን መሸሽ ነበር ኦቲዝም ያለው። ስኪዞይድ የሚለውም ከእሱና ከባልደረቦቹ ዘንድ የመጣ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የግሩንያ ሱካሬቫ ነገር ነው። ሞስኮ ትሠራ የነበረች የልጆች ሳይካትሪስት ናት። በ1925 ስለ ስድስት ወንዶች ልጆች ጻፈች። ከእኩዮቻቸው ጋር መጫወት የማይሆንላቸው፣ አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ የሚሉ፣ ለድምፅና ለሽታ ስስ የሆኑ ልጆች። ዛሬ ጽሑፏን የሚያነብ ባለሙያ «ይህማ ኦቲዝም ነው» ይላል። እሷ ግን ለልጆቹ የሰጠቻቸው ስም ስኪዞይድ የሚል ነበር። ሊዮ ካነር በአሜሪካ አሥራ አንድ ልጆችን ገልጾ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ለልጆች የተጠቀመው በ1943 ነው። ሐንስ አስፐርገር በቪየና በ1944 ጻፈ። ሱካሬቫ ሁለቱንም በዓመታት ቀድማቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለያየ። በ1980 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ኦቲዝምን ከስኪዞፍሬኒያ ለይቶ ለብቻው አስቀመጠው። ስኪዞይድ በስብዕና መዛባት ክፍል ውስጥ ቀረ። አንዱ የልጆች ሐኪሞች ጉዳይ ሆነ፤ ሌላው የአዋቂዎች። ሰው ግን ያድጋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶት የአዋቂዎች ሐኪም ፊት ሲቀመጥ፣ ሐኪሙ በእጁ ያለው መዝገብ ውስጥ የሚቀርበውን ስም ሊሰጠው ይችላል።

ሐኪም በምን ይለያቸዋል?

ዋናው ማስረጃ ልጅነት ነው። ኦቲዝም ገና በጨቅላ ዕድሜ ምልክት ይሰጣል፤ ምንም እንኳ ያኔ ማንም ልብ ባይለው። መቼ አፉን ፈታ? ስሙ ሲጠራ ይዞር ነበር? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳይ ነበር ወይስ የእናቱን እጅ ይዞ ይጎትት ነበር? በምን ይጫወት ነበር? የስኪዞይድ ስብዕና ምልክቶችም ከልጅነት ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ብቸኝነት፣ ከእኩዮች ጋር አለመግጠም። ነገር ግን የስብዕና መዛባት የሚባለው ጎልቶ የሚወጣውና ስም የሚያገኘው ወደ ጎልማሳነት ሲገባ ነው።

ቀጥሎ ሐኪሙ ሁለተኛውን እግር ይፈልጋል። ስኪዞይድ በሚባለው መግለጫ ውስጥ የድግግሞሽና የስሜት ሕዋሳት ነገር የለም። አንድ ሰው ሸሚዙ አንገት ላይ ያለው ምልክት እየኮሰኮሰው በመቀስ የሚቆርጥ፣ ምሳው በአንድ ዓይነት ሳሕን ካልቀረበ የማይበላ፣ የለመደው መንገድ ሲቆፈርና ሲዘጋ ቀኑ ሙሉ የሚበላሽበት ከሆነ፣ ይህ ወደ ኦቲዝም ያመለክታል።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉም ከባዱ ነው። አለመቻል ነው ወይስ አለመፈለግ? ወደ ሰምና ወርቁ እንመለስ። ስኪዞይድ የሆነው ሰው በአብዛኛው ወርቁን ያውቀዋል። «እንብላ» ሲባል «ይባርክ» ማለት እንዳለበት አይጠፋውም። ቀልዱ ይገባዋል፤ ማን ማንን እንደነካ ያያል። ብቻ ለእሱ ምግቡ ጣዕም የለውም። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ጓደኛ በጣም ይፈልጋሉ። መግቢያው ነው የጠፋባቸው።

ሆኖም ይህን መስመር እንደ ግድግዳ አትቁጠሩት። ኦቲዝም ኖሮባቸው በእውነት ብቻቸውን መሆን የሚመርጡ ሰዎች አሉ። በሌላው በኩል፣ እንደ ስኮትላንዱ ሮናልድ ፌርቤርን ያሉ የሥነ ልቦና ሐኪሞች ስኪዞይድ የሆነ ሰው ከቅዝቃዜው በታች መቅረብን አጥብቆ እንደሚናፍቅና እንደሚፈራው ጽፈዋል። ሰው ውስጡ ያለውን ሁልጊዜ አይናገርም። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ የራሳቸውን ስሜት ለይተው ስም መስጠት ይቸግራቸዋል። «ምን ተሰማህ?» ሲባሉ «ምንም» ይላሉ። ይህ «ምንም» ግድ የለሽነት መስሎ መዝገብ ላይ ይጻፋል።

አንድ ሰው ሁለቱም ሊሆን ይችላል?

ምልክቶቹ አንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ። በ2012 የስዊድን ተመራማሪዎች 54 ወጣት ጎልማሶችን መርምረው ነበር፤ ሁሉም አስፐርገር የሚባለው፣ ዛሬ በኦቲዝም ውስጥ የተጠቃለለው ስም የተሰጣቸው ናቸው። ከአራቱ አንድ ያህሉ የስኪዞይድንም መስፈርት አሟልተው ተገኙ። የአሜሪካው መመሪያ ግን ጥንቃቄ አስቀምጧል፤ ምልክቱ ሁሉ በኦቲዝም የሚገለጽ ከሆነ ስኪዞይድ የሚለውን ስም አትጨምሩበት ይላል። ቀለል ባለው ኦቲዝም ላይ መለየቱ በጣም አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችልም ራሱ ያምናል።

አንዱ ወደ ሌላው የሚመስልበት መንገድም አለ፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። አንድ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ኳስ ጨዋታ ውስጥ መግባት ይፈልጋል። ይሳቅበታል። አሥር ሲሞላው እንደገና ይሞክራል። ቅጽል ስም ይወጣለታል። አሥራ አራት ሲሞላው መሞከሩን ይተዋል። ሃያ ሲሞላው «ሰው አያስፈልገኝም» ይላል፤ እውነቱንም ነው የሚመስለው። የዚያን ጊዜ ያየው ሐኪም የሚያገኘው ፍላጎት የሌለው ሰው ነው። ፍላጎቱ እንዴት እንደደረቀ የሚያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ሰው ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው አዲስ የበሽታዎች መዝገብ ስኪዞይድ የሚለውን ስም ለብቻው አይጠቀምም። ሐኪሙ መጀመሪያ ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይመዝናል፤ ከዚያ ዋናውን ባሕርይ ይገልጻል። «ከሰው መራቅ» ከእነዚህ ባሕርያት አንዱ ነው። የአሜሪካው መመሪያ ግን አሮጌውን ስም ይዞ ቀጥሏል። ስለዚህ ሁለት ሐኪሞች ሁለት ዓይነት ወረቀት ቢሰጡ የግድ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ስሙ ቢለያይ ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዙ። የሁለቱንም መሠረታዊ ባሕርይ የሚቀይር መድኃኒት የለም። ድብርት ወይም ጭንቀት ሲደረብ ግን ለእሱ ሕክምና አለ። ኦቲዝም ላለበት ሰው ትልቁ እርዳታ አካባቢውን ማስተካከልና ነገሮችን በግልጽ መናገር ነው። «ቶሎ ና» ከማለት «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና» ማለት። የቡና ጥሪው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማስቀመጥ ዐሥር ደቂቃ ተቀምጦ እንዲሄድ መፍቀድ። ጫጫታው ሲበዛ የሚገባበት ጸጥ ያለ ክፍል መኖር። ለዚህ ሰው «ሰው አይፈልግም፤ ተዉት» ከተባለ እየፈለገ ይቀራል።

ስኪዞይድ የሆነው ሰው በራሱ ተነሳሽነት ሐኪም ዘንድ እምብዛም አይሄድም። ቤተሰብ ጎትቶት ወይም ድብርት ተጭኖት ነው የሚመጣው። እሱን «እንዴት ሰላም እንደሚባል» ማስተማር ትርፉ ድካም ነው፤ ያውቀዋልና። የሚረዳው የንግግር ሕክምና ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ርቀቱን የሚያከብር ነው። ካልገፉት ይቆያል። ከቆየ አንዳንዴ ይናገራል።

የእናት ጥፋት ነው? መንፈስ ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ፈረንጆቹንም አሳስቷል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኦቲዝም የሚመጣው እናት ቀዝቃዛ ስትሆን ነው ተብሎ ስንት እናት ተወቅሳለች። ዛሬ ይህ ሐሳብ ውድቅ ሆኗል። የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ታውቋል። ጸበል መውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብን አልከለክልም፤ እምነት ብርታት ነው። ሐኪም የሰጠውን ቀጠሮ ግን አታስቀሩ። ልጁንም አስራችሁ፣ አስገድዳችሁ አትውሰዱት።

ከቱሉ ዲምቱ ወዴት ይኬዳል?

አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ላይ በአገራችን የቆየው ተቋም ነው። ከእኛ ሰፈር እስከዚያ ሁለት ሦስት ታክሲ ነው፤ በጠዋት መነሳት ይጠይቃል። ለኦቲዝም ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። የልጃቸው ኦቲዝም ነው ወደዚህ ሥራ ያስገባቸው። ማዕከላቱ ትኩረታቸው ልጆች ላይ ስለሆነ አዋቂን የሚመረምር ሳይካትሪስት ወይም ሳይኮሎጂስት ጠይቆ መፈለግ ያስፈልጋል።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ልጅየው በሕፃንነቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይሂድ፤ እናት ከሌለች አያት ወይም ታላቅ እህት። የድሮ ሰርተፍኬት ላይ አስተማሪ የጻፈው አስተያየት ካለ ይያዝ። ትዝ ያላችሁን ጻፉት፤ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ሁሉም ይጠፋል።

ጎረቤቴ መጻፍ ስለማይሆንላቸው እሳቸው ተናገሩ፤ እኔ በደብተር ጻፍኩ። መጀመሪያ «ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም፣ ጨዋ ልጅ ነበር» አሉ። ቆየት ብለው ሦስት ዓመት እስኪሞላው ቃል እንዳልወጣው አስታወሱ። ሲናገርም መጀመሪያ የተናገረው የሬዲዮ ማስታወቂያ ነበር፤ ከነዜማው። ከዚያ ዝም አሉ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በጣታቸው መስመር እየሠሩ «ቆርኪ» አሉ። ድሮ ሰፈራቸው አጠገብ ግሮሰሪ ነበር። ልጁ የለስላሳ ቆርኪ እየለቀመ በረንዳው ላይ በቀለም በቀለም ይደረድር ነበር፤ ቀዩን ለብቻ፣ ብርቱካኑን ለብቻ። አንድ ቀን እሳቸው ሲጠርጉ አንዷን ቢያንቀሳቅሱ እስከ ማታ አለቀሰ።

«ይሄም ይጻፋል እንዴ?» አሉኝ።

ጻፍኩት።